የሸርሐቢል ጊታርና የአምስቱ ድምፆች ጎረቤትነት

ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በሐጅ ዩሱፍ ሱቅ ሲታ ዙሪያ አመሻሹ ላይ የሚያልፍ ሰው ዘፈን ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ከረክሻው፣ ከሻይ ሻጯ መደብ፣ ከስልክ ጠጋኙ ደጃፍ፣ ሁሉም በየፊናው ይዘፍንበታል። ብዙው ዘፈን አንድ ሰው በኦርጋን የሚጫወተው የዘመኑ የሰርግ ዘፈን ነው። አልፎ አልፎ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንድ የቆየ ቅጂ ይመጣል። ጊታር ይቀድማል፤ ሳክስፎን ይከተላል፤ ከዚያም ደስታውን የማይደብቅ የወንድ ድምፅ ይገባል። ከመጣ ገና ሁለት ወር ያልሞላው፣ ዐረብኛውም ከሰላምታ ያላለፈለት ሐበሻ ሳይቀር በእግሩ ምቱን ይይዛል። “ይህን ዜማ የት ነው የማውቀው?” ይላል። ዘፈኑን ሰምቶት አያውቅም። የሚያውቀው ዘፈኑ የተሠራበትን ድምፅ ነው።

የዚያ ጊታር ባለቤት ሸርሐቢል አሕመድ ነው። ሱዳናውያን “የጃዝ ንጉሥ” ይሉታል። የኤሌክትሪክ ጊታርን፣ ቤዝ ጊታርንና የናስ ትንፋሽ መሣሪያዎችን ወደ ሱዳን ዘመናዊ ዘፈን በማስገባት ስሙ ቀድሞ ይነሣል። ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በዚህ “አስገባ” በሚለው ግስ ላይ ይቆማል፤ የውጭውን ዕቃ ተቀብሎ ለአገሩ ሰው ያደረሰ አድርጎ ያቀርበዋል። ሥራውን በጥሞና ለሚያዳምጥ ግን ይህ ገለጻ ይጎድለዋል። ሸርሐቢል ያደረገው ትልቁ ነገር ጊታሩን ማምጣቱ አይደለም፤ ጊታሩ የመጣበትን አገር ልማድ ትቶ በአዲሱ አገር ቋንቋ እንዲናገር ማስገደዱ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ ከሱዳናዊው ጎን ተሰልፎ ይህን ጊታር የራሱ የሚያደርገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሸርሐቢል በ1935 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦምዱርማን ተወለደ። ኦምዱርማን ያን ጊዜ የሐቂባ ዘፈን መዲና ነበረች። ሐቂባ ከ1920ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የነገሠ የአዘፋፈን ስልት ነው፤ አንድ መሪ ድምፃዊ ያወርዳል፣ ተቀባዮች ይቀበላሉ፣ እጅ ይጨበጨባል፣ ሪቅ የሚባለው ባለ ጽናጽል ትንሽ ከበሮ ምቱን ይጠብቃል። ሌላ መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። ግጥሙ የተራቀቀ ነው፤ ዘፈኑን የሚሸከመውም ግጥሙ ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ በ1940 ከተከፈተ በኋላ ዑድ፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ከድምፃዊው ኋላ ተሰለፉ፤ የሱዳን ዘፈንም ቀስ በቀስ የኦርኬስትራ ዘፈን ሆነ። ሸርሐቢልም እንደ ዘመኑ ወጣቶች ሁሉ በዑድና በሐቂባ ጀመረ። ከዚያ ወጥቶ የሄደው የሚሄድበትን ጠንቅቆ ስላወቀ እንጂ የነበረበትን ስላልተማረ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርቱ ሥዕል ነው። በካርቱም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የመማሪያ መጻሕፍትንና የልጆች ንባቦችን በሥዕል ሲያስጌጥ ኖረ። በ1946 መታተም በጀመረው “አስ-ሲብያን” በተሰኘው የልጆች መጽሔት ላይ የፈጠረው “ዐምክ ተንጎ” የተባለ ገጸ ባሕርይ፣ ከዘፈኖቹ ባላነሰ በአንድ ትውልድ ሱዳናውያን ልብ ውስጥ ቀርቷል። “ዐምክ” ማለት አጎትህ ማለት ነው፤ ልጆች የሚስቁበት፣ ግን የማይንቁት አጎት። ሰውየው ቀን ቀን ለልጆች እየሣለ ማታ ማታ ለጎልማሶች ይዘፍን ነበር ማለት ነው።

ይህን የሕይወት ዝርዝር ማንሣት ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። የሸርሐቢልን የአጨዋወት ጠባይ የሚገልጠው ሥዕሉ ነውና። ለልጆች መጽሔት የሚሥል ሰው መስመር አያባክንም። ፊትን በሦስት ጭረት ያሳያል፤ አራተኛውን ቢጨምር ሥዕሉ ይደበዝዝበታል። የሸርሐቢል ጊታርም እንዲሁ ነው። ጥቂት ድምፆችን ይመርጣል፤ ይደጋግማቸዋል፤ አድማጩ ሲለምዳቸው አንዲቱን ብቻ ቦታ ያስለውጣታል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የሮክ ጊታር ትውፊት ውስጥ የጎላውን ረዥም የብቻ ጨዋታ፣ ፈረሱን ለቅቆ እንደሚጋልብ ሰው ያለውን ሩጫ፣ እሱ ዘንድ የሚፈልግ ያጣዋል። የእሱ ጊታር ለዘፈኑ ያገለግላል፤ ዘፈኑን አያስጠብቀውም።

አሁን “ጃዝ” ወደሚለው ቃል እንምጣ፤ ብዙ የውጭ አድማጭ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። በካርቱም ይህ ቃል በኒው ኦርሊንስ ወይም በኒው ዮርክ ያለውን ፍች አልያዘም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ “ጃዝ” ማለት ከቫዮሊንና ከዑድ ኦርኬስትራ ተለይቶ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝ፣ በድራምና በትንፋሽ መሣሪያ የቆመ፣ ቆመው የሚጨፍሩበት ባንድ ማለት ነበር። የስሙ መነሻ ከሙዚቃው ዓይነት ይልቅ የዕቃው ዓይነት ነው። በዴም ሰፈር ስም የተጠራው “ጃዝ አድ-ዲዩም” የተባለው ባንድም፣ ጊንጦች ማለት የሆነው “አል-ዐቃሪብ”ም በዚሁ ስም ሥር ይመደባሉ። እነዚህ ባንዶች የሰሙት ብዙ ነው። ከአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮልና ትዊስት፣ ከካሪቢያን ካሊፕሶ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ የኮንጎ የጊታር አጨዋወት ይደርሳቸዋል። ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ የመጡ፣ የትንፋሽ መሣሪያን በወታደር ማርሽ ባንድ የተማሩ ሙዚቀኞችም በመካከላቸው ነበሩ።

ስለዚህ ሸርሐቢል አሕመድን “የጃዝ ንጉሥ” ብሎ የጠራው ሱዳናዊ አልተሳሳተም፤ ቃሉን እንደ አገሩ ፍች ተጠቅሞበታል። የሚሳሳተው ይህንኑ ማዕረግ ወስዶ በሌላ አገር መለኪያ የሚመዝነው ነው። በእሱ ሥራ ውስጥ የጃዝን ስምምነት፣ የጃዝን ቅጽበታዊ ፈጠራ የሚፈልግ ሰው አያገኝም፤ አላገኘሁም ብሎም ሥራውን ዝቅ ያደርጋል። በጠባዩ ከተመዘነ ሸርሐቢል የቀረበው ለሮክ ኤንድ ሮል ሰዎች ነው። አጭር ዘፈን፣ ግልጽ ምት፣ በቶሎ የሚያዝ አዝማች፣ ከድምፁ ጋር የሚመላለስ ጊታር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱ ደርሶ ራሱ የሚጫወት ዘፋኝ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። በጊዜው በነበረው ልማድ ገጣሚው ግጥሙን፣ ዜማ ደራሲው ዜማውን፣ ኦርኬስትራው አጀቡን ያዋጣ ነበርና ድምፃዊው ብዙውን ጊዜ የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው። ጊታር አንግቦ ባንዱን የሚመራ ዜማ ደራሲ በዚህ ልማድ ውስጥ አዲስ ሰው ነበር።

የአማርኛ አንባቢን በተለይ የሚመለከተው ጥያቄ ይቀጥላል፤ ይህ ጊታር ለምን ባዕድ አይሆንብንም?

መልሱ በአምስት ድምፆች ላይ ያርፋል። የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን እንደ እኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። በኢትዮጵያ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች አምስቱን ድምፆች በተለያየ ርቀት ያዘጋጃሉ። ከእነዚህ መካከል አንቺ ሆዬና አምባሰል ጠበብ ያሉ ርቀቶች ስላሏቸው ለሱዳናዊ ጆሮ እንግዳ ሊሆኑ ይችላሉ። የትዝታ የፊተኛው ዓይነት ግን፣ ግማሽ ድምፅ የሌለበት ክፍት ቅኝት፣ አብዛኛው የሱዳን ዘፈን ከተሠራበት የድምፅ ደረጃ ጋር አንድ ነው። በሱዳን ሰሜን የሚገኘው ጠንቡር ከእኛ ክራር ጋር የአንድ ቤተሰብ መሣሪያ ነው፤ አምስት ክር፣ ቀንበር፣ ቆዳ የለበሰ ገበቴ። ከዚህ የተነሣ ነው አዲስ አበቤ ለሰይድ ኸሊፋ ዘፈኖች ፍቅር የነበረው፤ መሐመድ ወርዲም በ1994 አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን የተቀበለው ሕዝብ ዐረብኛ ያልተማረ ሕዝብ ነበር። የጥላሁንና የመሐሙድ ዘፈኖች በካርቱም የተወደዱትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይጨመራል። የሮክ ጊታር ራሱ ከብሉዝ የወረሰው ዋነኛ መንገድ ባለ አምስት ድምፅ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ጊታር የጨበጠ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው የጣት አካሄድ በእነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ የሚመላለስ ነበር። ይህ ጊታር በመርከብ ፖርት ሱዳን ደርሶ፣ በባቡር ካርቱም ሲገባ፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ደረጃ ያውቀዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የብሉዝ ተጫዋች አምስቱን ድምፆች ያጎብጣቸዋል፤ ክሩን ገፍቶ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ምሬት ያወጣል። ሸርሐቢል ይህን መንገድ አልተከተለም። በጠንቡሩ ልማድ እያንዳንዱን ድምፅ ጥርት አድርጎ ነጠል ነጠል ያደርገዋል፤ የአንዱ ጉዞ ከሌላው ጋር የሚገናኘውም በምቱ ነው። ዑድ ለስላሳ ነው፤ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ ሰፈር ሙሉ በሚጨፍርበት ሜዳ ላይ አይሰማም። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከሳክስፎንና ከትራምፔት እኩል ይናገራል። ሸርሐቢል የተረዳው ይህን ነው፤ ጠንቡር በሜዳ ላይ እንዲሰማ ኤሌክትሪክ ያስፈልገው ነበር።

“አርጉስ ፈርፊሽ” በተሰኘው ዘፈኑ ውስጥ ይህ በጉልህ ይሰማል። ርእሱ ጨፍር፣ ተደሰት እንደ ማለት ነው፤ ዘፈኑም ከርእሱ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ጊታሩ ግን በቀላሉ የማይያዝ ነው። ከውጭ ሲሰሙት የትዊስት ዘመን ጊታር ይመስላል፤ ውስጡን ሲከተሉት የሱዳን ሴቶች በከበሮ ከሚዘፍኑት፣ ከኮስቲ ከተማ ከተነሣው የቱም ቱም ምት ጋር ይዛመዳል። አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፈ አይደለም፤ የቱ የቱን እንዳጀበ መለየት እስኪያቅት ድረስ ተዋሕደዋል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ዘመናዊው ሙዚቃ ያደገው በመንግሥት ጥላ ሥር ነው፤ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች። በዚያ ቤት ትንፋሽ መሣሪያ ጌታ ነው፤ ጊታር ደግሞ ለረዥም ጊዜ ምት ጠባቂ ሆኖ ኖረ። ጊታሩን ወደፊት ያመጡት በሆቴልና በክበብ የሚጫወቱት የግል ባንዶች ናቸው። አይቤክስ ባንድ በ1975 ከመሐሙድ አሕመድ ጋር በሠራው “ኧረ መላ መላ” ውስጥ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ሥራዎች፣ የሰላም ሥዩም ጊታር ከዘፋኙ ጋር እየተመላለሰ የሚናገር መሣሪያ ሆነ። ሁለቱ ጊታረኞች ግን አንድ ዓይነት መንገድ አልሄዱም። የሰላም ሥዩም ጊታር በዘፋኙ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ እንደ ማሲንቆ ተከትሎ ያስለቅሳል። የሸርሐቢል ጊታር ዘፋኙን ይቀድማል፤ እንደ ክራር ምቱን ይዞ ይጠብቀዋል። ካርቱም ውስጥ የኖረ ሐበሻ ሁለቱንም በአንድ ጆሮ ሲሰማ፣ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያለ አስተማሪ የሚያውቀው ለዚህ ነው።

ምስጋናው ሚዛን እንዲኖረው ጉድለቱም መነገር አለበት። የሸርሐቢል ሥራ ሁሉ እኩል አይደለም። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች የውጭው ምት ገና ያልበሰለ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ዜማው ከሱዳን፣ አጀቡ ከሌላ አገር መጥተው ሳይተዋወቁ ይለያያሉ። ግጥሞቹም ከሐቂባ ገጣሚዎች ወይም መሐመድ ወርዲ ከዘፈነላቸው ገጣሚዎች ጋር ሲተያዩ የቀለሉ ናቸው። ወርዲ የ1964ቱን የጥቅምት አብዮት በዘፈን ያወደሰ፣ በኋላም ስለ ዘፈኑ የታሰረና የተሰደደ ሰው ነው። ሸርሐቢል በዚህ መዝገብ ውስጥ የለም። የፖለቲካ ዘፈን ፈላጊ ተቺዎች “የመዝናኛ ሰው” ብለው ሊያልፉት የሚችሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ፍርድ ግን የሱዳንን ታሪክ ይዘነጋል። በመስከረም 1983 የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግ ሲያውጅ የካርቱም የሌሊት ክበቦች ሕይወት አበቃ። ከ1989 የመንግሥት ግልበጣ በኋላ ደግሞ ዘፈን ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ግጥሞች ተመረመሩ፣ ወንድና ሴት አብረው የሚጨፍሩበት መድረክ ተከለከለ፣ የሰርግ ዘፈን በተወሰነ ሰዓት እንዲያበቃ ታዘዘ። በ1994 ድምፃዊው ኾጀሊ ዑስማን በኦምዱርማን በሙዚቀኞች ማኅበር ውስጥ በስለት ተገደለ። እንዲህ ባለ ዘመን “ተደሰት” ብሎ መዝፈን ቀላል ነገር አልነበረም። የፖለቲካ ዘፈንን የሚያሳድድ መንግሥት ቢያንስ ዘፈኑን እንደ ጠላት ያከብረዋል፤ የጭፈራ ዘፈንን የሚከለክል መንግሥት ግን የሰውን አካል ራሱን ነው የሚቆጣጠረው። ሸርሐቢል አቋሙን በመፈክር አልተናገረም። ዘፈኖቹ ግን ሰውነት መንቀሳቀስ የሚፈቀድለት ነገር መሆኑን ያስታውሱ ነበር፤ እነዚያን ዓመታት በሱዳን ያሳለፈ፣ የሰፈሩ ሰርግ በፖሊስ ሲበተን ያየ ሰው፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ከሚገባው በታች የሚወሳ ሌላ ጉዳይ አለ። የሸርሐቢል ባለቤት ዘኪያ አቡበከር በባንዱ ውስጥ ጊታር ትጫወት ነበር፤ የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታር ተጫዋች ተብላ ትታወቃለች። ስለ ባንዱ ሲጻፍ ስሟ እንደ ማጣፈጫ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነሣና ይታለፋል። ነገሩ ግን የሸርሐቢልን ሥራ ዋና ጠባይ ይነካል። በሱዳን ሴቶች ዘፈን ማውጣታቸው፣ ከበሮ መምታታቸው የቆየ ነው፤ የሰርግ ዘፈን ሊቃውንቱ እነሱ ናቸው። በሕዝብ መድረክ ላይ ከወንዶች ጎን ቆማ በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተጫወተች ሴት ግን አልነበረችም። ጊታር አዲስ መሣሪያ ስለነበረ “ይህ የወንድ ነው” የሚል የቆየ ደንብ አልወጣለትም ነበር፤ ዘኪያ የገባችው በዚያ ክፍት በር ነው። አዲስ መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ከአዲስ ድምፅ የሚበልጥ ነገር ይዞ ይመጣል። የሸርሐቢል ሥራ ሲመዘን ይህ ከዜማዎቹ እኩል ሊቆጠር ይገባል፤ ከዘኪያ ድርሻ ጋር የተጻፈ የባንዱ ታሪክም ገና ይጠበቃል።

በ2020 መቀመጫውን በርሊን ያደረገው ሐቢቢ ፈንክ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ “የሱዳን ጃዝ ንጉሥ” በሚል ርእስ የሸርሐቢልን ዘፈኖች በሸክላና በዲጂታል አሳተመ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ኦስቲናቶ የተባለው አሳታሚ “ሁለቱ አባዮች” የሚል ስም ያለበትን የሱዳን ዘፈኖች ስብስብ አውጥቶ ነበር። በዚህም ስሙን ሰምተው የማያውቁ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ወጣቶች ሸርሐቢልን አወቁት። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ላይ መታተም የጀመረው “ኢትዮፒክስ” የተሰኘው ተከታታይ፣ የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘፈን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ እኛም የራሳችንን ዘፈን ከውጭ አገር በተላከ ሲዲ እንደ አዲስ የሰማን ነን።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ጥቅም አያከራክርም። ቅጂዎቹ ይጸዳሉ፤ ከጥፋት ይተርፋሉ፤ ባለ ሥራው በሕይወት ሳለ ስሙ ይነሣል። ቢሆንም ምርጫ ሁሉ ትርጓሜ ነው። የበርሊኑ ስብስብ በአብዛኛው የጭፈራውን ሸርሐቢል ይሰጠናል፤ ዛሬ በአውሮፓ ክበብ ውስጥ ቢለቀቅ ሰው የሚያስነሣውን። ሱዳናውያን በቤታቸው የሚያንጎራጉሩት፣ “አል-ሌይል አል-ሃዲ” ማለትም ጸጥተኛው ሌሊት በሚለው ርእስ የሚታወቀው የዘፈን ደራሲ ሸርሐቢል በጥላው ይቀራል። “ንጉሥ” የሚለው ቃልም ሥራውን ለብቻው አቁሞ ያሳያል፤ የዴምን ባንድ፣ ከማርሽ ባንድ የወጡትን ተጫዋቾች፣ ዘኪያን ከዙሪያው ያነሣል። ዘፈኑን በሙሉ የሚያውቀው ግን ያ ዙሪያው ነው።

ነገሩ አሁን የበለጠ ከበደ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ፣ በኦምዱርማን የሚገኘው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። ከ1940 ጀምሮ የተከማቸ የሱዳን ድምፅ መዝገብ ቤቱ በዚያ ነው። ሐጅ ዩሱፍም ከምሥራቅ ናይል ጋር ጦሩ በመጋቢት 2025 እስኪመልሰው ድረስ ብዙ አየ። በ1980ዎቹ ድርቅና ጦርነት ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋን፣ ከኑባ ተራሮችና ከደቡብ የተፈናቀሉ ሰዎች ያቆሙት ሰፈር፣ ኢትዮጵያዊውንና ኤርትራዊውን ስደተኛ አብሮ ያስጠለለ ሰፈር፣ ራሱ ተፈናቀለ። በሐበሾች ቤት ከጥላሁን ካሴት ጎን የተቀመጠው የሱዳን ካሴትም በብዙው ቤት ባለቤቱን ተከትሎ መሄድ አልቻለም።

መዝገብ ቤት ቢዘረፍ፣ ካሴት ቢቃጠል ምን ይቀራል? እንዲህ ባለ ጊዜ የበርሊኑ ሸክላ ከመቼውም የበለጠ ዋጋ አለው፤ ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ነው። ግን ሸክላ የሚያስቀምጠው ድምፁን ነው። ጊታሩ ከጠንቡር እንደተማረ፣ ምቱ ከሴቶች ከበሮ እንደመጣ፣ “ጃዝ” ሲባል ካርቱም ውስጥ ምን ማለት እንደነበረ፣ ይህን ሸክላው አይናገርም። የሚናገረው ሰው ነው፤ ሰውም አሁን በካይሮ፣ በፖርት ሱዳን፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባ ተበትኗል።

ሌላም አደጋ አለ፤ ከጦርነቱ በፊት የጀመረ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ስምንትና ዐሥር ሰው ያለበት ባንድ ለሰርግ ባለቤት ውድ ሆነበት፤ ሰዓቱም በሕግ ተቆረጠበት። አንድ የኦርጋን ተጫዋች ከነድምፅ ማጉያው ከአንድ መኪና ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ የባንዱን ሁሉ ድምፅ ከሣጥኑ ያወጣል። በሐጅ ዩሱፍ ድንኳኖች ሥር ጊታር ከዕይታ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። የሚደንቀው ግን የኦርጋኑ ተጫዋች በቀኝ እጁ የሚመታው ነጠል ነጠል ያለ፣ ምቱን ቀድሞ የሚይዝ የአምስት ድምፅ ምልልስ ነው፤ ሸርሐቢል በጊታር ክር ላይ ያስለመደው አካሄድ። ተጫዋቹ ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። ተማሪው መምህሩን ሳያውቅ ትምህርቱን መያዙ የትምህርቱን ጥልቀት ያሳያል።

ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚወጣ ሥራ አለ። በካርቱም የኖርን ኢትዮጵያውያን ስለ ሱዳን ዘፈን ስናወራ ብዙ ጊዜ “የኛን ይመስላል” ብለን እናበቃለን። አባባሉ ፍቅር አለበት፤ ግን ጎረቤትን ወደ ራስ መልክ ብቻ ያወርዳል። የሸርሐቢል ዘፈን የኛን ስለሚመስል ብቻ ሊደመጥ አይገባውም። በአምስቱ ድምፆች ላይ እኛ ያልሄድንበትን መንገድ ስለሄደ፣ ክራር በኤሌክትሪክ ቢናገር እንዴት ያለ ሰው ይወጣው እንደነበር ስለሚያሳይ ሊደመጥ ይገባዋል። ሱዳናዊው በበኩሉ ከአይቤክስና ከሮሃ የሚሰማው ይኖረዋል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችሉ፣ ሁለቱን ዘፈን በአንድ ግቢ የሰሙ ሰዎች የሐጅ ዩሱፍና የዴም ልጆች ናቸው፤ ማን ከማን ምን እንደወሰደ፣ የትኛው ዘፈን በየትኛው ሰርግ እንደተዘፈነ የሚያስታውሱም እነሱ ናቸው። ይህ ትዝታ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ቀጣዩ የዘፈኖቹ ስብስብ ሲታተም መግቢያው ያለ እነሱ ይጻፋል።